ከደረሰኙ ጀርባ የተጻፈው

ሰውየው እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ደብረ ታቦር መጋዘን ነበራቸው፣ እብናት ደግሞ ወፍጮ ያሠሩ ነበር። ሂሳባቸውን የምሠራላቸው እኔ ነበርኩ። ደረሰኞቻቸውን በማዳበሪያ ከረጢት አምጥተው፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ያቀብሉኝ ነበር። አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንድትጠፋ አይፈልጉም።

በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ትልቁ ልጃቸው ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ ቢሮ መጣ። ነፍስ ይማር አልኩት። አሜን እንኳ ሳይል የአባቱን የቆዩ መዝገቦች በሙሉ እንድሰጠው ጠየቀኝ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ እንዲመጣ ነገርኩት።

ከወር በኋላ ይዞ መጣ። ወራሾቹ ሁለት ናቸው፤ እሱና እብናት የምትኖር እህቱ። ፋይሎቹን አወጣሁለት። ጣቱን በምራቅ እያራሰ የሟቹን ወረቀቶች ሲገላልጥ ቀፈፈኝ። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። የወፍጮው መግዣ ደረሰኝ ነው፤ የገዢው ስም የእህቱ። አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው የገዛችው ነበር። ከጀርባው አባትየው በእጃቸው ጽፈዋል፦ «ወፍጮው የልጄ ነው። በእኔ ንግድ ፈቃድ ስለሚሠራ ነው እዚህ የተያያዘው።»

በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህት ዓለም፣ ይቺ ወረቀት እዚህ እንዳልነበረች አድርጊያት። እህቴ ጋ የነበረው ኮፒ ጠፍቷል» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው የሚናገረው።

ቢሮ የምጋራቸው፣ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሰምተውት ኖሮ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«ስጪውና ይሂድ፣ ልጄ። ሰውየው ሞተዋል፤ ማን ይጠይቅሻል?»

ከመዝገብ ላይ ቅጠል መገንጠል ነውር መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ነበሩ። አንገሸገሸኝ።

«ጋሼ፣ እንዲህ የሚሉኝ አንቱ ነዎት?» አልኳቸው። ወደ አስፋልቱ ዞሩ።

ልጅየውን ሰኞ ተመለስ ብዬ ሸኘሁት። ለእህቱ ግን ወዲያው አልደወልኩም። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ስሜን በከተማው ያጠፋብኛል፣ ደንበኛ ያሸሽብኛል እያልኩ ስፈራ ቆየሁ። ዛሬም ያንን ሳስብ ራሴን እጠየፈዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ደወልኩላት፤ የወንድሟን ጥያቄ ሳላነሳ፣ መጥታ የአባቷን ወረቀቶች እንድታይ ብቻ ነገርኳት። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። የደረሰኙን ጀርባ አነበበች፣ ጽሑፉን በመዳፏ ዳበሰችው፤ «እጃቸው ነው» ብቻ አለች። ወንድሟ ሲመጣ ለሁለቱም የእያንዳንዱን ወረቀት ኮፒ ሰጥቼ አስፈረምኳቸው፤ ደረሰኙን ግን ዋናውን ለእሷ። እሱ ፈርሞ ቀና አለና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ድሮስ ያንቺ ነው ስል አልነበር?» አላት።

እህቱ ምን ሊያደርግ እንደነበር አታውቅም፤ ጉንጩን ስማው ተሰናበተች። እኔ ወጥቼ ደጅ ምራቄን ተፋሁ።

ወፍጮው የእሷ ሆኖ ቀረ። ልጅየው የራሱን ሂሳብ አሁን የሚያሠራው ጋሼ ዘንድ ነው፤ ቡና እየተጋበዙ ይሳሳቃሉ። ጠዋት ጠዋት ለጋሼ እንደ ደንቡ ብድግ ብዬ እጅ እነሳቸዋለሁ። ድሮ እንዲያርሙልኝ የማሳያቸውን ሥራዬን ግን ከዚያ ወዲህ አሳይቻቸው አላውቅም።