የጎርፍ ስጋት የለበትም

ባለፈው ማክሰኞ ሰሚራ የምትባል ወጣት ባለሙያ ቆቦ ካለው ቤቴ ድረስ አንድ ሰነድ ይዛ መጣች። ከከተማው በስተምዕራብ ባለው ሁለተኛው ኮረብታ ላይ መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩ ነው። ሰነዱ ግንባታው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይገመግማል፤ እሷ ደግሞ የአንድ ነባር ባለሙያ ፊርማ ፈልጋለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣልኝ ሰው አልረሳኝም ብዬ ትንሽ እኮራለሁ። መነጽሬን አጥልቄ ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ ቦታ ቀረ። «የአካባቢው ኅብረተሰብ የጎርፍ ስጋት የለበትም» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር የኔ ነው። በወጣትነቴ ስለ መጀመሪያው ኮረብታ የጻፍኩት፣ አንድ ቃል ሳይጨመር ሳይቀነስ ተገልብጧል።

ያን ጊዜ ሥራ ከያዝኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር፤ የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም። አንድ የቤት ማኅበር ኮረብታውን ጠይቆ ኖሮ አለቃዬ «አይተህ እስከ ዓርብ ጻፍ» አለኝ። ወሩ ጥቅምት ነው። ራያን በጥቅምት ያላየ ሰው ራያን አየሁ ባይል ይሻለዋል። ማሽላው ራሱ ከብዶት ያጎነብሳል፣ መንገደኛውም ገበሬውም ጥንቅሽ እየላጠ ይመጥጣል። እኔም ከንፈሬ እስኪቆረጥ እየመጠጥኩ፣ ሞተሬን ከግርጌ አቁሜ በእግሬ ወጣሁ።

እኛ ቆላ ዝናቡ ብቻውን ለማሽላ አይበቃም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው በቅርንጫፍና በአፈር ጠልፎ ወደየማሳው ይመራዋል። ጠለፋውን የሚያዘውና ድርሻ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የዚያ ኮረብታ የውሃ አባት አያ እንድሪስ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቆመው ሲያወሩ አካፋቸውን የሚደገፉ ሽማግሌ። ገበሬዎቹን ከቁርቁራው ጥላ ሥር ሰብስበው ጠበቁኝ። እኔ ደግሞ ቅጹን ዘርግቼ እንደ መርማሪ ጠየቅሁ።

«ጎርፍ ያሰጋችኋል?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ሳቀ።

«ኸረ ተው ልጄ!» አሉ አያ እንድሪስ። «ጎርፍ እኮ ሪዝቃችን፣ እንጀራችን ነው። አላህ አያጥፋብን በል እንጂ፣ እንዴት ያሰጋናል?»

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድ ላይ «አሚን!» አለ። እነዚያ ሰዎች ጎርፍን በክፉ አያነሱም። በሬ እንኳ ቢወስድባቸው «ድርሻውን ወሰደ» ብለው ዝም ነው። እኔም የቆቦ ልጅ ነኝና ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

ስብሰባው ሲበተን አያ እንድሪስ ክንዴን ይዘው ወደ ኮረብታው ትከሻ ወሰዱኝ። ሜዳ ቢጤ ነው፤ ቁጥቋጦ ለብሷል።

«ጎርፉ ከላይ ሲመጣ ጉልበቱን እዚህ ነው የሚጥል» አሉኝ። «ለማዳ ሆኖ ወደኛ የሚወርድ ከዚህ በኋላ ነው። እዚህች ላይ ቤት ከቆመ እኛ አበቃልን። ይችን ጻፍልኝ።»

«እጽፋለሁ» አልኳቸው። የተጠበሰ የማሽላ እሸት በእጄ አስይዘው ሸኙኝ። እስከ ሞተሬ ድረስ እየፈለፈልኩ በላሁት፤ ትኩስ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ማስታወሻዬን አየና ሳቀብኝ። «ራሳቸው አያሰጋንም ብለው የለም እንዴ? ከገበሬው በላይ ልታውቅ ነው? ቅጹ ላይ ያለው ቦታ አንድ መስመር ነው፤ አለ በል ወይ የለም በል።»

አስገደደኝ ብል ደስ ባለኝ። አላስገደደኝም። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዬ በሱ እጅ ነበር፣ እኔም ያንን ደብዳቤ ፈለግሁት። የሽማግሌውን ምርቃት ስለ ጎርፉ የተሰጠ ምስክርነት አድርጌ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም።

ቤቶቹ ትከሻው ላይ ተሠሩ። ሜዳው ቆርቆሮና ድንጋይ ለበሰ። በሁለተኛው ክረምት፣ በሐምሌ፣ ጎርፉ የሚያርፍበት ቢያጣ በተነጠፈው መንገድ ተንደርድሮ ወረደና ጠለፋውን ጠርጎ ወሰደው። ሄጄ ሳይ የአያ እንድሪስ ማሳ ማሳ አይደለም። ጥቁሩ አፈር የለም፤ በቦታው አሸዋ ተኝቷል። ልጃቸው መሐመድ፣ ያኔ ገና ጎረምሳ ነው፣ ከአሸዋው ሥር አፈሩን ፍለጋ ይቆፍራል። ሽማግሌው ቆመው ያዩታል።

«አያ እንድሪስ፣ ጎርፉ ጎዳዎት» አልኩ።

«ጎርፉን አትማብኝ» አሉኝ፤ አልተቆጡም። «እሱ በሰጡት መንገድ ነው የመጣ። አንተ ግን አይተህ ነበር።»

ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። ለለቅሶ ሄጄ ከደጅ ተመለስኩ፤ ለመግባት አፈርኩ።

ይህን ሁሉ ለሰሚራ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና፣ «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አለች። «ግን ቦታው እኮ ባለፈው ሳምንት ዕጣ ወጥቶበታል። ይሄ ሰነድ ለማኅደሩ ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አልፈርምም አልኳት። አልተከራከረችኝም። «ግድ የለም ጋሼ፣ የሚፈርም አይጠፋም» ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች። እውነቷን ነው፤ እኔም በሷ ዕድሜ አልጠፋሁም።

እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። አሸዋ የጫነ መኪና ወደ አዲሱ ኮረብታ ሊታጠፍ ቀስ ሲል ከሹፌሩ ጎን መሐመድን አየሁት። ጢሙ ሸብቷል። ማሽላ እምቢ ካለው ከአባቱ ማሳ ላይ አሸዋ እየዛቀ ይሸጣል፤ ለግንባታ ጥሩ አሸዋ ነው ይባላል።

«ጋሼ፣ ደህና ዋልክ? ሥራ በዛብን እኮ!» አለኝ በመስኮቱ።

«አላህ ያግዝህ» አልኩት። መኪናው ዳገቱን ያዘ።