የልደታ ንፍሮና የቆመው ጥቅል

ዛሬ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን ስገባ የሚያየኝ ሰው ደግ አሮጊት እመስለዋለሁ። ይምሰለው። እኔ ግን የሠራሁትን አውቃለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ በስፌት መኪና እሠራ ነበር። ሥራዬ የአንዱን ጣቃ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር መግጠም ነው፤ ጨርቁ ሳይቋረጥ ወደ ቀለሙ ገንዳ እንዲገባ። ከገንዳው ሲወጣ ሁለት የጎማ መጭመቂያዎች ይጨምቁትና እንደ በርሜል ወፍሮ በብረት ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። ከዚያ ላስቲክ ለብሶ እስከ ማግስቱ በሞተር ቀስ እያለ መዞር አለበት፤ የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። ከቆመ ግን ቀለሙ ወደ ታች ይወርድና ከሥር ያለው ይጠቁራል፣ ከላይ ያለው ይገረጣል።

ቀን ቀን ጥቅሉን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ነበሩ። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ድሮ የእሳቸው ማሳ ነበር፤ ጤፍ ይዘሩበት ነበር አሉ። መሬቱ ሲሄድ በምትኩ የተሰጣቸው ይህችው ሥራ ናት፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ ያጫውቱናል። እኔን "ልጄ" ነው የሚሉኝ።

የግንቦት ልደታ ዕለት እረፍት አልተሰጠንም። እኛም አዋጥተን ንፍሮ ቀቅለን፣ ዳቦና ጠላ ይዘን፣ በምሳ ሰዓት ከግቢው ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ሁሉም መጣ፤ እሳቸው ቀሩ። ልጠራቸው ሄድኩ።

"ልጄ፣ ጥቅሉ ያለ ጠባቂ አይዞርም፤ ደንቡን ታውቂ የለ። እዚሁ አንድ እፍኝ አምጪልኝ።"

"ኧረ አባባ! የልደታ ንፍሮ ጣሪያ ሥር ይበላል እንዴ? ደጅ ነው እንጂ! ያጥፉትና ይምጡ።"

"ከቆመ ይበላሻላ።"

"አሃ! ለካ ከእመቤታችን ይልቅ አለቃውን ነው የሚፈሩት!" አልኩና ሳቅሁ።

መቀለዴ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ አማተቡና ማጥፊያውን ተጫኑት።

ለአንድ እፍኝ ነበር የመጡት። "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያልኩ ጠላውን የደጋገምኩላቸው እኔ ነኝ። ሲመለሱ ሰዓቱ ሄዶ ነበር። ጥቅሉን አስነሱት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልንም።

በማግስቱ ጨርቁ ታጥቦ ሲዘረጋ ጉድ ፈላ። ከዳር እስከ ዳር መስመር በመስመር ሆኗል፤ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንዱ ግርጥ ያለ፣ እንደገና ጥቁር። አለቃው ሁላችንንም አሰለፈን።

"ማነው አቁም ያለህ?" አላቸው፣ የአባቱን እኩያ አንተ እያለ።

አዛውንቱ አንዴ አዩኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

"ማንም። በዓል ነው ብዬ እኔው አቆምኩት" አሉ።

እፎይ አልኩ። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ እፎይ ነው ያልኩት!

አለቃው ወዲያው ቢያባርራቸው ደግ ነበር። "ከዚሁ ጨርቅ ኮት ይሰፋለት! እስከ ወሩ መጨረሻ እሱን ለብሶ በር ላይ ይቁም፤ ከዚያ ይሄዳል" አለ። ወደ እኔ ዞረና "አንቺ፣ ስፊው" አለኝ።

ሰፋሁት። ፊታቸውን ላለማየት ብዬ አልለካኋቸውም፤ እጅጌው ጠበበ። ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ሲያገኛቸው፣ በልደታ አብሯቸው ንፍሮ የዘገነው ሁሉ "የሜዳ አህያው!" እያለ አለፈ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ከሁሉም አብልጬ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ካልሳቅሁ የሚነቃብኝ መስሎኝ።

በመጨረሻው ቀን ወደ ስፌት መኪናዬ መጡ። ክንዳቸውን ማጠፍ አቅቷቸዋል፤ ብብታቸው ተልጦ ኮቱን ደም ነክቶታል።

"ልጄ፣ ካሁን ወዲያ ሥራም የለኝ፤ ሌላ ኮትም የለኝ። ይህንኑ ነው የምለብሰው። ስፌቱን ትንሽ ተርትረሽ ልቀቂልኝ።"

አለቃው ከወዲያ ማዶ ቆሟል።

"ሥራ ላይ ነኝ" አልኳቸው፣ ቀና ሳልል።

"እሺ ልጄ። ማርያም ታበርታሽ" ብለውኝ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ሰኞ ዕለት በእሳቸው ቦታ እኔን መደቡኝ። ዓመቱ ዞሮ ግንቦት ልደታ ሲመጣ ከባሕር ዛፉ ሥር ጠሩኝ። ጥቅሉ እየዞረ ነው፣ አልመጣም፣ እዚሁ አምጡልኝ አልኩ። አንዷ በሰሃን ይዛልኝ ገባች። ንፍሮውን ጣሪያ ሥር፣ ከጥቅሉ ጎን ቆሜ በላሁት። ምንም አልሆንኩም።