ያልተመታች መስመር

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ኮልፌ ገበያ ጥግ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ቀን ካርቦኑን ጽሕፈት መኪናው ውስጥ ገልብጬ በማስገባቴ፣ ግልባጩ በዋናው ወረቀት ጀርባ ላይ ዞሮ ተመታ። ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና፣ "ጎሽ! ዳኛው በመስተዋት ያነቡታል" አሉኝ። ከወልቂጤ ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም። ያን ዕለት አባቴ ክፉኛ ናፈቀኝ።

ቤቱ ደንብ ነበረው። የተመታ ወረቀት ለባለጉዳዩ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ አይወጣም። አብዛኛው ባለጉዳይ ማንበብ አይችልም ነበር።

አባባ ወልዴ ቆጮ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ አንዲት ልጃቸውን አስካለን ብቻቸውን አሳድገው፣ ባሕር ዳር ኮሌጅ ገባችላቸው። አንድ ቀን በእጇ ጽፋ የላከችውን የማመልከቻ ረቂቅ ይዘው መጡ። ወደ አዲስ አበባ ልትዛወር ነው።

"ቶሎ በሉልኝ፤ ቤቱ ጭር ብሎብኛል" አሉ።

"አባቷ ታመዋል ብንል ይፈጥናል" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ሟርትዎን ለራስዎ! ቆሜ እየሄድኩ?"

ዝውውር ያኔም አድካሚ ነበር። ተቀባዩ ኮሌጅ መሸኛ ካላየሁ ይላል፤ ሸኚው ደግሞ ተቀባይ ካላገኘሽ። ጋሽ ታደሰ መላውን ያውቁታል። "ብትሸኝ እንቀበላታለን" የሚል ደብዳቤ አስቀድመን እንድንጠይቅ አዘዙኝ። ምክንያቱን ከረቂቁ ገለበጥኩ፤ የምትፈልገው የትምህርት ክፍል ባሕር ዳር የለም የሚል ነው።

መትቼ ስጨርስ አነበብኩላቸው። አባባ ወልዴ ካበቃሁም በኋላ ወረቀቱን እያዩ ጠበቁ።

"እኔን አላነሳችም?"

ወረቀቱን መልሼ አነሣሁ። "'አባቴም በጣም ናፍቆኛል' ትላለች፤ ዘልዬው ነው" አልኳቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከሄዱ በኋላ ጋሽ ታደሰ ቀና ሳይሉ፣ "ጸሐፊ የተጻፈውን ነው የሚያነበው፣ ልጄ" አሉኝ። እሺ አልኩ።

ዝውውሩ ተፈቀደ። ክረምቱ ሲወጣ አባባ ወልዴ ልጃቸውን ይዘው ሊያመሰግኑን መጡ። "ይቺ ናት ያነበበችልኝ፤ ናፍቆኛል ብለሽ የጻፍሽውን" አሏት።

አስካለ ወደ እኔ ዞረች። የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን አየት አድርጋኝ የአባቷን ክንድ ያዘች።

"አዎ አባባ። ብዙ ልጽፍ ነበር፣ ቦታ አንሶኝ ነው።"

በማግስቱ ለአባቴ ወደ ወልቂጤ ደብዳቤ መታሁ። ናፍቆቴን ከሰላምታው አስቀደምኩት፤ የሚያነብለት ሰው እንዳይዘለው።

ዛሬ ጋሽ ታደሰም፣ አባባ ወልዴም፣ አባቴም የሉም። ያ ቤት ይናፍቀኛል። ሥራውን ለያዛችሁ የምለው የጋሽ ታደሰን ነው፤ የተጻፈውን ብቻ አንብቡ። እኔ አንዴ ጨምሬያለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እጨምራለሁ።