የደሴ አባት በአራት ውርወራ

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ዳይስ ስትወረውር፣ ኳኳታው አምባ ጊዮርጊስ፣ የልጅነት ጓደኛዬ የደሴ ቤት ደጅ ድረስ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ በሒሳብ እስከ ደባርቅ የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነበርኩ። መምህራችን እንኳ ጥያቄ ሲከብደው በዐይኑ የሚፈልገኝ ይመስለኝ ነበር። በሉዶ ዳይስ የጦርነት ጨዋታ ፈጠርን። እያንዳንዳችን ደብተር ላይ ዐሥር ሕይወት ያለው ተዋጊ እንሥላለን፤ አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ከወጣ የባላጋራው ተዋጊ ይመታል፤ የወጣው ቁጥር ከሕይወቱ ይቀነሳል። ደሴ ተዋጊውን በአባቱ ስም ጠራው። አባቱ ከዘመቱ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም ነበር።

እኔ ሆዬ ደመርኩ፣ አካፈልኩ። «አንድ ውርወራ በአማካይ ሁለት ተኩል ይቀንሳል። አንተ ደሴ፣ አባትህ በአራት ውርወራ አለቀልህ!» ብዬ ጮህኩ።

እናቱ እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ስንዴ ይለቅሙ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«እስቲ ለእኔም አስላልኝ ልጄ፤ ለሰውዬው ስንት ቀረው?» አሉኝ።

ችሎታዬን የወደዱልኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «ሕይወቱ ስንት ነው እትዬ?»

ሰፌዱን ይዘው ገቡ። ደሴም ደብተሩን አጥፎ ተከተላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር አልተጫወተም። ነገሩ የገባኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ፊቴ ግን ዛሬም ይግላል።

«አባዬ፣ የጨዋታችንን ጭራቅ ለመግደል በአማካይ ስንት ውርወራ ይፈጅብናል? አስላልን!» አለችኝ ልጄ።

«ሒሳብ አልችልም» አልኳት።

እንደ ልማዴ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።