የአያ ሞላ ቅጣት

ከጦር ሜዳ በሰላም ተመልሼ፣ ላስታ አገሬ ገብሴን እየዘራሁ ስኖር፣ ሰው ሲሞት የምንቀባበርበት ቅሬያችን ዳኛ አድርጎ መረጠኝ። ወታደር የነበረ ሰው ሥልጣን ሲያገኝ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሕግ ይከበር ማለት አበዛሁ።

ሽማግሌዎቹ ፈገግ እያሉ አንድ ያልተፈጸመ ቅጣት ነገሩኝ። ጎረቤቴ አያ ሞላ ለቅሶ አልደርስም በማለታቸው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ ካብ እንዲጠግኑ ተፈርዶባቸው አሻፈረኝ ብለዋል። ቤታቸው ሄጄ ኮስተር ብዬ አዘዝኳቸው።

«አንተ ካዘዝከኝማ እሺ» ብለው ተነሡ።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ድንጋይ ይሸከማሉ፣ እኔ ቆሜ እቆጣጠራለሁ። የሚያልፈው ሁሉ እኛን እያየ ይስቃል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ለመሆኑ አያ ሞላ፣ የማን ለቅሶ ነው እንዲህ ያስጠላዎት?» አልኳቸው።

ድንጋዩን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ።

«ያንተ ነዋ! ጦር ሜዳ ሞቷል ተብሎ ዳስ ሲጣል፣ ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አልኩ። ይኸው፣ ቆመህ ታሠራኛለህ!»