የሙሽራዋ ውሻና የሚዜው ጉርሻ

ውሻ በሰርግ ዳስ ውስጥ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀምጦ፣ ሰው እየተነሣ ሲያጎርሰው ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሳወራ የሚያምነኝ የለም፤ ልጆቼ እንኳ «ደግሞ ጀመረው» እያሉ ይጠቃቀሳሉ። ይጠቃቀሱ። የሰርጉ አንደኛ ሚዜ እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ መጥቶ ያውራ።

ጊዜው ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ የተደላደለበት፣ ወሩም ጥር ነበር። ሙሽራው አብሮኝ ዳዊት የደገመ፣ ኋላ ትምህርቱን ትቶ እርፍ የጨበጠ የልብ ጓደኛዬ ነው። የአባቱ ቤት ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሲወጣ ካለው ዳገት ላይ ነው። ከቤቱ ትይዩ፣ ከሸለቆው ማዶ ካለው ጉብታ ላይ፣ ጣልያን ምሽግ ሠርቶ መትረየስ ጠምዷል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጫካ አለ፤ በጫካው ውስጥ አርበኞች አሉ። የጓደኛዬ አባት ለጣልያን ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሱ፣ ዘወር ሲል ግን ለአርበኞቹ ስንቅ የሚያቀብሉ ሰው ነበሩ። ይህን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

እኔ ያን ጊዜ ዲያቆንና የቅኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ስለ ራሴ የነበረኝን ግምት ግን ያስተማሩኝ የኔታም አልነበራቸውም። ለሰርጉ ከአጎቴ ነጭ ሱሪ ተዋስኩ፤ ኩታዬን እናቴ ሁለት ጊዜ አጠበችልኝ። ጠመንጃ ይዞ መታየት ስለተከለከለ ያ በተኩስ የሚደምቀው የአገራችን ሰርግ ያን ዓመት በጅራፍ ነበር የደመቀው። ጎረምሶቹ ከሰርገኛው ፊት ፊት እየሮጡ ጅራፋቸውን ሲያጮኹት ገደሉ ሁሉ ያስተጋባል። ዛሬም የጅራፍ ድምፅ ስሰማ የጌሾው ሽታ፣ የዳሱ ለምለም ቅጠል፣ የበቅሎዎቹ ቃጭል አብረው ይመጡብኝና ሆዴ ይባባል። አገር በጠላት ተይዞ እንዲያ ደስ ብሎን እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል። ግን ደስ ብሎን ነበር።

በእኛ አገር ሚዜ ማለት አጅቦ በልቶ የሚሄድ ሰው አይደለም። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አንደኛ ሚዜው በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ወንድም ሊሆናት ይምላል። ከዚያም ቤቱን እስክትለምድ ድረስ አፏ እሱ ነው። ከባሏ ወላጆች ጋር አትነጋገርም፤ የፈለገችውን ለሚዜዋ ሹክ ትላለች፣ እሱ ያደርሳል። እኔም ድምፄን እንደ ቅዳሴ አሳምሬ ማልኩና፣ ኩታ የተከናነበችውን ሙሽራ ተሸክሜ ወደ በቅሎዋ አመራሁ።

አንድ ጆሮው የተቆረጠ ቀይ ውሻ ከየት መጣ ሳይባል ሱሪዬ ላይ ተሰካ። እመቤቱን የወሰድኳት እኔ ነኝና ጠቡ ከእኔ ጋር ነበር። ሱሪው ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተተረተረ። እልልታው ወደ ሣቅ ተለወጠ። ማልቀስ የሚገባት ሙሽራ ደግሞ በኩታው ሥር ስትንፈቀፈቅ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። በቅሎዋ ላይ ሳስቀምጣት ወደ ጆሮዬ ተጠግታ የመጀመሪያውን ትእዛዟን ሰጠችኝ።

«ወንድሜ፣ ውሻዬ አብሮኝ ይሂድ።»

እኔ ደግሞ ውሻው ሊሄድ የማይገባበትን ምክንያት አውቅ ነበር። በሙሽራው መንደር አንድም ውሻ የለም። አርበኞቹ ከጫካ በወረዱ ቁጥር ውሾቹ ይጮኹና፣ ምሽግ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ጩኸቱን ተከትለው ይተኩሳሉ። ስለዚህ መንደርተኛው መክሮ ውሻውን ሁሉ በገዛ እጁ ጨረሰ። ይህን በዚያ ሁሉ ሰርገኛ መካከል እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ? ከየአገሩ የመጣ ሰው አለ፤ ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም። «እሺ» አልኩ። ሦስተኛው ሚዜ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ተከተለን። እኔ የተቀደደ ሱሪዬን በኩታዬ ሸፍኜ፣ ውሻውን እየረገምኩ ሄድኩ።

ሙሽራው ቤት ስንደርስ አባትየው ውሻውን አዩት። ፊታቸው ከሰል መሰለ። እጄን ይዘው ከዳሱ ጀርባ ወሰዱኝ።

«አንተ ተማሪ፣ ይህን ምን ብለህ ነው ያመጣኸው?»

«ሙሽራዋ ናት፣ አባቴ። እምቢ ልላት አልቻልኩም።»

«አሥር ዓመት ደጄን የጠበቀልኝን የራሴን ውሻ እኮ ገደል አውርጄ ነው የጣልኩት! ዛሬ ሰርግ ነው፤ ለዛሬ ይቆይ። ነገ ግን አይኖርም። ንገራት።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና እንደ ወንድምነቴ እውነቱን ነገርኳት፤ ስለ ጫካውም፣ ስለ ምሽጉም፣ ስለ ውሾቹም። ሙሽራው አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«የሚመጡት ስንት ናቸው?» አለችኝ።

«ሰባት ስምንት ይሆናሉ።»

«እንግዲያ ነገ እንደ ሰርገኛ ይምጡና በእጃቸው ያጉርሱት። ይህ ውሻ ባጎረሰው ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም። ለአባታችን እንዲህ በልልኝ፤ የጮኸ ቀን ገመዱን ራሴ አምጥቼ አቀብላለሁ በልልኝ።»

ሄጄ ነገርኳቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አፈጠጡብኝ፤ ቀጥሎ የሣቁት ሣቅ ግን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ድረስ ነበር። «ምን ዓይነቷን ነው ያመጣችሁልኝ እቴ!» አሉ። ሰርግ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ነገር ይመቻል፤ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብሎ የሚቆጥር የለም። ያን ዕለቱን ወደ ጫካው መልእክት ተላከ።

በማግስቱ ውሻው ከመጋረጃው አጠገብ ቁርበት ተነጥፎለት ተቀመጠ። ሙሽራዋ ከኩታዋ ጥለት ቀድዳ አንገቱ ላይ አስራለታለች። አዝማሪው ይህን ሲያይ ጊዜ ማሲንቆውን ወደ ውሻው አዞረና ያሞጋግሰው ጀመር። ሙሽራው ራሱ አጎረሰ። አባትየው አጎረሱ። ሕፃን አዋቂው እየሣቀ፣ «የሙሽራዋን ዘመድ አጉርሱ!» እየተባባለ ተሰለፈ። በመካከሉ ጠጉራቸውን ለሰርጉ ብለው ያሳጠሩ፣ ኩታ የተዋሱ፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ሰዎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ጎንበስ ብለው አጎረሱት። ውሻው እያንዳንዳቸውን እጅ አሽትቶ ይጎርሳል። ያን ያህል የጎረሰ ሙሽራ አላየሁም።

ተራው የእኔ ሆነ። ከጥብስ ጠቅለል አድርገው በእጄ ሰጡኝ። ስጠጋው ውሻው ጥርሱን አሳየኝ። ዲያቆን ነኝ፣ ውሻ መንካት አይገባኝም ብል ሰው ይረዳኝ ነበር። ግን አርበኞቹ እያዩኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ልቤ ከእነሱ ጋር ለመሸፈት ሲመኝ ነበርና ውሻ ፈራ መባልን አልፈለግሁም። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼዋለሁ። ቂሙም አለ፤ በተቀደደ ሱሪ ላይ ደግሞ በርከክ ብዬ ላጉርሰው? ጀርባዬን ለሰው ሰጠሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ጉርሻውን በገዛ አፌ ከተትኩት። ዳሱ እልል አለ። እየዋጥኩ ቀና ብዬ እኔም ሣቅሁ።

ከሰርጉ በኋላ ወደ ቅኔ ቤቴ ተመለስኩ። ክረምቱ ሲገባ ግን መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ደብተሬን ለእናቴ ትቼ ወደ ጫካው ገባሁ። እዚያ እንደደረስኩ አርበኞቹ ስለ ውሻው ነገሩኝ። እነሱ ሲመጡ ጭራውን እየቆላ ይቀበላቸዋል፤ ባዕድ ሲመጣ ደግሞ ከሩቅ ይጮኽና ያስጠነቅቃቸዋል። ሙሽራዋንም ያደንቁ ነበር። እኔም እኅቴ ናት እያልኩ እጎርርባቸዋለሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የጮቄ ጉም ወረደ። ያ ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም፤ ለእኛ ግን ከሌሊት ይልቅ የሚመቸን እሱ ነበር። በእኩለ ቀን ሦስት ሆነን ስንቅ ልንቀበል ወረድን። ሁለቱ ቀደም ቀደም አሉ። ውሻው ወጥቶ ተሻሻቸው። እኔ ከአጥሩ ስደርስ ግን ያ ቀይ ውሻ የድንጋይ ካቡን ጥሶ መጣብኝ፤ ጩኸቱ ሸለቆውን ሞላው። የጓደኛዬ ሚስት ከቤት ሮጣ ወጥታ አንገቱን አቀፈችው፣ አፉን በእጇ ያዘችው። ጊዜው አልፎ ነበር። ከማዶ መትረየሱ ተንጣጣ። እኛን አያየንም፤ ጩኸቱን ብቻ ነበር የሚተኩሰው። ጭቃው ላይ ተኛን። ሲያቆም፣ ከቤቱ ሥር ሣር ሲግጥ የነበረው የሽማግሌው በሬ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲያጣጥር አየነው።

የክረምት እርሻ ነው፤ በሬው ከጥማዱ አንዱ ነው። ሽማግሌው ቢላዋቸውን አምጥተው ባረኩት። ቀጥለው እጃቸውን በሣር እየጠረጉ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ውሻውን ወደ ገደሉ ውሰደው» አሉ። «ቃሉን አፍርሷል።»

ከእኔ ጋር የመጡት ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ይበሉ? በሬ ባይሆን እኛው ነበርን የምንወድቀው።

ልጅቱ ቤት ገባችና ገመድ ይዛ ወጣች። ከሰርጉ ወዲህ ስድስት ወር ሆኗታል፤ አሁን ከአማቷ ጋር ትነጋገራለች፣ አፍ የላትም አይባልም። ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ገመዱን ለባሏ አቀበለችና እኔን አየችኝ። ከዚያ በፊት ፊቷን በወጉ ያየሁት አይመስለኝም። ውሻው እግሯ ሥር ተቀምጦ እኔ ላይ ያጉረመርማል።

ጓደኛዬ ገመዱን አንገቱ ላይ ማሰር ሲጀምር ወደ ሽማግሌው ቀረብኩ።

«አባቴ፣ ውሻው አላጠፋም» አልኩ። «እኔ አላጎረስኩትም።»

«በዓይኔ አይቼሃለሁ እኮ!»

«ጀርባዬን ነው ያዩት።»

«ጉርሻውን ምን አደረግኸው ታዲያ?»

«በላሁት።»

ከጓዶቼ አንዱ ሣቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው፤ ሽማግሌው ዞረው ሲያዩት ዝም አለ። እሳቸው አልሣቁም። በሬውን አዩት፣ ደሙ ከዝናቡ ውኃ ጋር ሲወርድ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

«ገመዱን ፍታለት» አሉት ልጃቸውን። «አንተም ና ወዲህ፣ ተንበርከክ። አምጪለት እንጀራ።»

ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። እሷ እንጀራውን በወጥ ጠቅልላ በእጄ አስያዘችኝ። ውሻው አላመነኝም፤ አሸተተ፣ ወደ እሷ ዞሮ አየ፣ እንደገና አሸተተ። መጨረሻ ላይ ጥርሱ ጣቶቼን ነክቶ ጉርሻውን ወሰደ። አልነከሰኝም።

ከዚያ በሬውን አብረን ገፈፍን። ሽማግሌው የሥጋውን እኩሌታ ለጫካው አሸከሙን፤ ስለ ጉርሻው ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ስንሄድ እሷ እስከ አጥሩ ሸኘችን፤ ውሻው ከኋላዋ ይከተላል። ጓዶቼ ቀደም ሲሉ አቆመችኝ።

«ያን ዕለት ከመጋረጃው ሥር አይቼሃለሁ» አለችኝ። «ስትበላው።»

የተሸከምኩትን ሥጋ መሬት አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ገመዱን ስታመጪ ለምን ዝም አልሽ?»

«ወንድምሽ ነው ብለው የሰጡኝ አንተን ነው። እኅት ወንድሟን በአማቶቿ ፊት ታዋርዳለች?»

«እኔ ባልናገርስ ኖሮ?»

እጇን በውሻው ራስ ላይ አደረገች። እየሣቀች አልነበረም።

«እሱን ቀብሬ፣ አንተን ወንድሜ እያልኩ እኖር ነበራ» አለችኝ።