የሚኒስትሩ ዋስ

ወንድሜን ጋራዡ ውስጥ «ሚኒስትሩ» ይሉታል። ቀለም ቀቢ ነው። የተጋጨ መኪና በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ይውልና ማታ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ይወጣል። ሚኒስትር ያሰኘው ሥራው ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። አምስት ሆነው ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ የአራቱ እጅ ወደ ኪስ ለመግባት ሲያመነታ፣ የሱ ድሮ ገብቶ ወጥቷል። ይቀድሙኛል ብሎ የሰጋ ቀን ደግሞ ዘዴ አለው። ምግቡ ሳያልቅ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣና በዚያው ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ሂሳቡን ዘግቶ ይመለሳል። እጁን ግን አይታጠብም። እህቱ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ በልጅነቱም እጅህን ታጠብ ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር የሚለው።

ከማን እንደወረሰው አላጣሁትም። አባታችን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ በየመናኸሪያው የማያውቀው፣ ያልጋበዘው ሰው አልነበረም። ሲሞት ቀባሪው መንገድ ዘጋ። «እጁ የማይሰስት፣ ደግ ሰው» እያሉ አለቀሱለት። ትንሽ ቆይቶ እናታችን የቤት ኪራይ አጥታ ስትንከራተት ግን ከዚያ ሁሉ ሰው በራችንን ያንኳኳ የለም። እኔ ያን አይቼ ቆጣቢ ወጣሁ። ታናሽ ወንድሜ ያየው የቀባሪውን ብዛት ብቻ ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ይህ ልጅ አንድ ቀን «የራሴን ሥራ ልጀምር ነው» ብሎኝ መጣ። ኮምፕሬሰርና የቀለም መርጫ ገዝቶ በትርፍ ሰዓቱ ለራሱ ሊሠራ፣ ገንዘቡን ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሊወስድ፣ እኔ ደግሞ ዋስ ልሆነው። በማኅበሩ የቆየሁ አባል ነኝ፤ ክፍያ አሳልፌ አላውቅም። ሐሳቡም ደህና ሐሳብ ነበር። ፈረምኩለት።

ኮምፕሬሰሩ አልመጣም። በቅድሚያ የቆዳ ጃኬት መጣ። «ደንበኛ የሚያምነው ደህና የለበሰ ሰው ነው» አለኝ። ቀጥሎ ስልክ መጣ፤ እሱ ደግሞ የሠራቸውን መኪኖች ፎቶ ለማንሣት ነው ተባለ። ቀጥሎ ጫማ መጣ፤ ለጫማው ምክንያት እንኳ አላዘጋጀለትም። የተረፈው በግብዣ አለቀ። ብድሩ ስለተፈቀደለት «እንኳን ደስ ያለህ» እያሉ በብድሩ የበሉና የጠጡ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከላዩ ላይ ተበድረውታል። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ደሞዙ አልበቃ አለው። ከጋራዡ የደሞዝ ቅድሚያ ወሰደ። ቅድሚያው ሲቆረጥበት ከሱቅ በዱቤ በላ፣ ዱቤውን ለመክፈል ደግሞ ማኅበሩን ዘለለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ቤት ድረስ መጥቶ አየሁት።

ማኅበሩ ሲዘለል የሚያውቀው ዋሱን ነው። ከውዝፉ ከፊሉን ከኔ ቁጠባ ይቆርጥ ጀመር። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይኼ ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚያ እንኳ አልጮህኩበትም። ደከመኝ። ቀን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የምውል ሰው ነኝ፤ ማታ ለጩኸት የሚተርፍ ጉልበት የለኝም። እሱም የኔን ዝምታ እንደ ይቅርታ ቆጥሮት ከረመ።

ነገሩ የከፋው ማዳም ሱቋን ልትዘጋ ስትነሣ ነው። ማዳም የምንላት የስፌት ቤቱ ባለቤት ናት። ልጇ ጋ ሄዳ ልትኖር ስለሆነ ማሽኖቹን መሸጥ ነበረባት። ሁለት ነን የምንሰፋላት፤ ጓደኛዬ የራሷን ማሽን ወዲያው ገዛች። የኔን ደግሞ፣ ስንት ዓመት ተቀምጬበት ድምፁን ሰምቼ ብቻ መርፌው ሊሰበር መሆኑን የማውቀውን ማሽን፣ ማዳም ለኔ አቆየችልኝ።

«ካንቺ አስበልጦ የሚገዛኝ አለ» አለችኝ። «አንቺ እያለሽ ግን አልሰጠውም። ትምህርት ቤት እስኪከፈት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ መሄዴ ነው።»

ማሽኑ ካለኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። ከሌለኝ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው በር ሰው በር ዞሬ «ስፌት እችላለሁ» ልል ነው። ብድር ልጠይቅ ማኅበሩ ሄድኩ። ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማመልከቻዬን አየው፤ ከዋስ በቀር ሁሉም ነገር ተሟልቷል አለኝ። ከዚያ ስሜን ሌላ ቦታ አገኘው። «ዋስ የሆኑለት ሰው ውዝፉን ካልጨረሰ ለርስዎ አይፈቀድም» አለ። ደንብ ነው። ደንቡን ስፈርም አንብቤዋለሁ፤ ምን እላለሁ?

ያን ዕለት ለወንድሜ ነገርኩት።

«ማዳም መቼ ነው የምትሄደው?» አለ።

«ትምህርት ቤት ሲከፈት።»

«እትዬ፣ ከቁጠባሽ ሲቆርጡብሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህስ? ልትጋብዘኝ ነበር?»

ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ተናድጄ ስለነበር መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ደግሞ አንጀቴን በላኝ፤ የሱ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ተናድጄበት እንኳ አልጠግብም።

በማግስቱ ጃኬቱን ሸጠ። ስልኩንም ሸጠ፤ የገዛበትን እኩሌታ እንኳ አላገኘበትም። ጫማው ቀለም ተንጠባጥቦበት ስለነበር የሚገዛው ጠፋ። ከጋራዥ ሲወጣ የሰው በርና መስኮት፣ በዕረፍት ቀኑ የሰው አጥር መቀባት ጀመረ። ሥራው አይደለም የከበደው። የከበደው «የለኝም» ማለት ነው። ይህችን ቃል ከሚያወጣ ጥርሱን ቢያወልቁት ይመርጣል።

«ያበደርካቸውስ?» አልኩት አንድ ጊዜ። የጋራዡ ጎማ ሠሪ ወስዶበታል፣ ኤሌክትሪሺያኑም ወስዶበታል። «ከነሱ አትቀበልም?»

«እንዴት ብዬ?»

«ገንዘቤን መልሱልኝ ብለህ።»

«ምን ይሉኛል፣ እትዬ?»

«ማኅበሩ እኔን ምን እንዳለኝ ልንገርህ?»

ወይ ፍንክች። ይሉኝታ እንደያዘው ሰው ደንቆሮ የለም። ጓደኞቹ ለምሳ እንዳይጠሩት «ጨጓራ አሞኛል፣ ሐኪም ከለከለኝ» አላቸው። ይኼ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጎማ ሠሪው አዝኖለት በየቀኑ ወተት ይገዛለት ጀመር። ኤሌክትሪሺያኑ ከሚስቱ መድኃኒት ቀንሶ ያመጣለታል። ወንድሜ ወተት አይወድም፤ አፍንጫውን ይዞ ይጠጣል፣ አመስግኖ ብርጭቆውን ይመልሳል፣ ከዚያ ቀለም መጋዘን ገብቶ ምሳ ሰዓቱ እስኪያልፍ ይቀመጣል። የሚኖረው እኔ ጋ ነው፤ ቤት ሲገባ ድስቱን ጠርጎ ነው የሚነሣው። አንገቱ ቀጠነ። ሁለታችን ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀምጠን ሳንነጋገር እንበላና እንተኛለን። ሰው በጣም ሲደክመው ቂም መያዝም ሥራ ይሆንበታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከውዝፉ የመጨረሻው ክፍያ ብቻ ቀረ። የትምህርት ቤቱም መከፈቻ ደረሰ። ማዳም ሻንጣዋን አስራ ጨረሰች። ሌላው ገዢ በመክፈቻው ቀን ከሰዓት መጥቶ ማሽኑን ሊወስድ ተቀጣጠሩ። ወንድሜ የጎደለውን ያሟላው በዋዜማው ጠዋት ነው፤ አጥሩን ያስቀባው ሰውዬ ስንት ጊዜ ካመላለሰው በኋላ ከፈለው። ገንዘቡን ሸሚዙ ውስጥ ከደረቱ አስጠግቶ አስቀመጠ። ከምሳ በኋላ አስፈቅዶ፣ ማኅበሩ ሳይዘጋ ደርሶ ሊከፍል ነው።

ያ ቀን ግን ለጋሼም የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነበር። ጋሼ የጋራዡ ላሜሪስታ ናቸው፤ የተጨማደደ የመኪና አካል በመዶሻ ቀጥቅጠው ያቃናሉ። ወንድሜን ከጽዳት ሥራ አንሥተው ሙያ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሥራ ሊያቆሙ ነው። «ምሳ አብረን እንብላ» ሲሉት ጨጓራውን ሊጠራባቸው አልቻለም። የሆነውን ኋላ እሱም ነግሮኛል፣ ጋሼም ነግረውኛል።

ከጋራዡ ሰዎች ጋር እየበሉ ተጫወቱ። ምግቡ ሊያልቅ ሲል የሁሉም ዐይን ወደ ሚኒስትሩ ዞረ። ክፈል ያለው የለም፤ የለመዱት ነገር ነው። ወንድሜም «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሣ።

«ይኸው፣ ጨጓራው ለቀቀው» ብሎ ጎማ ሠሪው ሳቀ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ሂሳቡን ደምራ ወረቀቷን ዘርግታለታለች። የወንድሜ እጅ ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ገንዘቡን ይዟል። ሲነግረኝ «እትዬ፣ እጄ እኔን አላማከረኝም» አለኝ። ጋሼ የምር ሊታጠቡ ተነሥተው ሲመጡ እዚያው ደርቆ አገኙት።

«ምን ሆነሃል?» አሉት።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልከፍልም።»

«ማን ክፈል አለህ?»

«ገንዘብ ይዣለሁ። ግን የእትዬ ነው።»

ጋሼ ላቡን አዩት፣ ሸሚዙ ውስጥ የገባውን እጁን አዩት። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ገንዘብ አወጡ።

«ስንት ዓመት አብረን በላን? አንድ ቀን አስከፍለኸኝ ታውቃለህ? ጠዋት ይዤ እወጣለሁ፣ ማታ ይዤው እገባለሁ። ባለቤቴ እንኳ ሰው መጋበዝ የማያውቅ ቋጣሪ ትለኛለች። ዛሬም ብትቀድመኝ ኖሮ ተቀይሜህ ነበር የምሄደው።»

ከፈሉ። ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው «የዛሬው የኔ ነው» ሲሉ ሁሉም ግራ ገባቸው።

«ሚኒስትሩስ?» አለ ጎማ ሠሪው።

ወንድሜ ሳይቀመጥ መለሰለት። «የለኝም። ዕዳ አለብኝ። ጨጓራም የለብኝም።»

ጎማ ሠሪው «እና ያ ሁሉ ወተት?» አለ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ብቻ ሳይስቅ፣ የተበደረውን ገንዘብ ደሞዝ ሲወጣ እንደሚመልስ ቃል ገባ። እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ወንድሜ ማኅበሩ ሳይዘጋ ደረሰ። ሱቅ መጥቶ ደረሰኙን ማሽኔ ላይ ሲያስቀምጥ እጅጌ እየሰፋሁ ነበር፤ ጀምሬው ስለነበር ሰፍቼ ጨረስኩት። ከዚያ አነበብኩት። ተመስገን አልኩ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ዐይኑን ጨፈነ።

በማግስቱ ጠዋት ማኅበሩ ሄድን። አብራኝ የምትሰፋው ጓደኛዬም የራሷን ክፍያ ልትከፍል መጥታ ነበር። ጸሐፊው ማመልከቻዬን ከመደርደሪያው አወጣ፤ ማኅተም አደረገና «ዋስ?» አለ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ወንድሜ ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ። መታወቂያውን ይዟል። ጠዋት ለምን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ እንደወጣ ያኔ ገባኝ።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረው። «ክፍያ ያሳለፈ አባል ዓመት ሳይሞላው ዋስ አይሆንም።»

«ጨረስኩ እኮ። ትላንት አንተው ነህ የተቀበልከኝ።»

«ጨርሰሃል። ዓመት ይሙላው።»

እንደቆመ ቀረ። ሲራብ፣ የማይወደውን ወተት ሲጠጣ፣ ከሥራ በኋላ የሰው አጥር ሲቀባ ያላየሁበትን ፊት ያኔ አየሁበት። ጓደኛዬ ወረፋዋን ትታ መጣችና እስክርቢቶውን ተቀበለች።

«እኔ እፈርማለሁ» አለች። «ዋስ ሁኚኝ የሚል ወንድም የለኝም፤ ስሜ ንጹሕ ነው።»

ቀልዷ ነው፤ ክፋት የላትም። ወንድሜ ግን መታወቂያውን ኪሱ መክተት አቅቶት ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ብድሬ ተፈቀደ፣ ማሽኔን አገኘሁ።

ማሽኑን በተከራየነው ጋሪ ጭነን እሱ እየገፋ፣ እኔ ከጎን እየደገፍኩ ወደ ቤት ሄድን። ዳገቱ ላይ ለማረፍ ቆመ። ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገና ቀና አለ።

«እትዬ፣ ይኼን ብድር መቼ ነው የምትጨርሺው?»

«እንጃ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት።»

«ስትጨርሺ ሌላ ተበደሪ።»

«ለምን?»

«ለምንም ይሁን። ያኔ ዋስ መሆን እችላለሁ።»

ሳቄ መጣ። እሱ ግን አይስቅም ነበር፤ ጋሪውን በአንድ እጁ ይዞ መልሴን ይጠብቃል። ብድር ማለት ምን እንደሆነ አጥንቴ ድረስ የማውቅ ሴት፣ የመጀመሪያውን እንኳ ገና መክፈል ሳልጀምር፣ «እሺ» አልኩት።